ውሃ የሚጠጣው ቀለበት

ወንድሜ ነቢል ሊያገባ ነው የተባለ ጊዜ መጀመሪያ የጠየቅኩት «ማን እሺ አለችው?» ብዬ ነው። ናዕማ ናት አሉኝ። አዘንኩላት። ናዕማ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከወላጆቿ ጋር የምትኖር፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ፣ ሳቅ የማያልቅባት ልጅ ናት። ነቢል ደግሞ የራሱን ካልሲ ራሱ ፈልጎ አግኝቶ አያውቅም። እኔ ፊርዶስ ታላቅ እህቱ ነኝ። አላገባሁም። ይህንንም ያነሳሁት ሌላ ሰው ሳያነሳብኝ ልቅደም ብዬ ነው።

በእኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ ሙሽራው ለሙሽራዋ መህር ይሰጣል። የእሷ ብቻ የሚሆን፣ አባቷም ባሏም እጃቸውን የማያስገቡበት ስጦታ ነው። ምን እንደሚሆንም የምትናገረው ራሷ ናት። አንዷ ወርቅ ትላለች፣ ሌላዋ ቁርኣን ያስቀራኝ ትላለች። የእናቴ የአክስት ልጅ ፍሪጅ ብላ ፍሪጅ ተቀብላለች፤ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ባልየው ግን ብዙም አይሠራም።

ናዕማም ተጠየቀች። ቤታቸው ተሰብስበን ሻይ እየጠጣን ነበር። ልጅቷ እናቴን ቀና ብላ አየቻት።

«እትዬ ሐጀራ፣ ካልከፋዎት... ያን ቀለበት» አለች።

ሻዩ ትን አለኝ። እናቴ ግን እጇን ከጉልበቷ ላይ አንስታ ቀለበቱን አንዴ አየት አደረገችውና «ይሁን» አለች። በቃ ይሁን። እኔ በልጅነቴ ለአንድ ቀን ላድርገው ብዬ ሳምንት አልቅሻለሁ።

ስለ ቀለበቱ ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። መሐሉ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ኦፓል አለችበት፤ ዙሪያዋን ጥቃቅን አልማዞች ከበዋታል። ድንጋይዋ ነጣ ያለች ትመስልና እጅ ሲንቀሳቀስ አረንጓዴው፣ ቀዩ፣ ሰማያዊው ይፈስባታል። ጋራዥ ደጃፍ ኩሬ ላይ ቤንዚን ጠብ ሲል አይታችሁ የለ? እንደዚያ ነው።

የመጣችው ከአባቴ እናት ከኡሙልኸይር ነው። ባቡሩ አቃቂ ላይ ቆሞ በሚያፏጭበት ዘመን ባቡር ጣቢያው የሚሠራ አንድ ግሪክ ነበር አሉ። ሚስቱ ወልዳ ታመመችና ጡቷ ደረቀ። አያቴ በዚያን ጊዜ አባቴን ረሻድን ታጠባ ነበርና በአንዱ ጡቷ ረሻድን፣ በሌላው የግሪኩን ልጅ ይዛ ከረመች። ሰዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ማዳሚቱ ከእናቷ የወረሰችውን ቀለበት ከጣቷ አውልቃ አያቴ ጣት ላይ አደረገችላት። ድንጋዩን እያሳየችም «አውስትራሊያ፣ አውስትራሊያ» አለቻት። አያቴ አውስትራሊያ አገር ትሁን የሰው ስም ሳታውቅ ነው የሞተችው።

በእኛ ሃይማኖት አንድ ጡት የጠቡ ወንድማማች ናቸው። ስለዚህ አባቴ የግሪክ ወንድም ነበረው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ግሪክ የአውሮፓን ዋንጫ የበላች ጊዜ አቃቂ በሰቃ ያለው ሱቃችን የገባ ሰው ሁሉ ሻይ ተጋብዟል። «የወንድሜ ልጆች ናቸው» ይል ነበር።

አባቴ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። የቤት ዕቃ ሱቁን አሁን እኔና እናቴ ይዘነዋል።

ወደ መህሩ ልመለስ። ኒካሑን የሚያስረው ኡስታዝ ወሬውን ሲሰማ ነቢልን ጠርቶ «መህር የታወቀ መሆን አለበት» አለው። «'አንድ ቀለበት' ተብሎ አይታለፍም። ወርቁ ምን ዓይነት ነው? ድንጋዩስ? ተጣርቶ በምስክር ፊት በግልጽ ይነገር። ኋላ ጭቅጭቅ እንዳይመጣ።» ቤታችን ውስጥ ማጣራት፣ መሮጥ፣ ወረፋ መያዝ የሚባል ነገር ሲመጣ ሁሉም ዞሮ የሚያየው እኔን ነው። ላጤ ጊዜ የተረፈው ይመስላቸዋል።

ናዕማ ጎረቤቷን ዘአማኑኤልን ጠቆመችን። ወሎ እየተመላለሰ ኦፓል ገዝቶ ለላኪዎች የሚያስረክብ ልጅ ነው። ነቢልን ይዤ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጣሁ፤ እሱ ሁለተኛው ላይ ነፍሱ ልትወጣ ደረሰች። ዘአማኑኤል ሻይ አቀረበልን፤ መብራቱን አብርቶ በማጉያ መነጽሩ ቀለበቱን እያገላበጠ አየው።

«አልማዞቹ የድሮ ናቸው» አለ። «እንዲህ በእጅ የተቆረጠ ዛሬ አታገኙም። ወርቁም የቆየ ነው። ይቺን ግን...» ድንጋይዋን በጥፍሩ ነካ አድርጎ ፈገግ አለ። «ይቺን የማውቃት መሰለኝ።»

ከዚያ ምን አደረገ መሰላችሁ? ብርጭቆ ውሃ አመጣና ቀለበቱን ጠብ አደረገው።

«ምን እያደረግክ ነው?» ብዬ ተነሣሁ።

«ተቀመጪ እህቴ፣ ሻይሽን ጠጪ።»

ጠጣሁ፤ ግን ዓይኔን ከብርጭቆው አላነሳሁም። መጀመሪያ የድንጋይዋ ጠርዝ ሳሳ። ቀጥሎ አረንጓዴው ጠፋ፣ ቀዩም ተከተለ። ሁለተኛውን ሻይ ስንጨርስ ቀለበቱ ላይ የቀረው ከመስታወት የተቆረጠ የሚመስል ነገር ነበር፤ ከሥሩ ያለው ወርቅ ሳይቀር ይታያል።

«ገደልካት!» አለ ነቢል።

«አልሞተችም፤ ጠጥታ ነው» አለ ዘአማኑኤል እየሳቀ። «የደላንታ ድንጋይ ናት። የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠግብ እንዲህ መስታወት ይሆናል። ነገ፣ ቢበዛ ከነገ ወዲያ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። የአውስትራሊያው ውሃ ውስጥ ቢያድርም ግድ የለውም።»

«የእኛ እኮ የአውስትራሊያ ናት» አልኩ።

ልጁ ጨዋ ነው፤ ቀስ ብሎ ነበር የነገረኝ። የደላንታ ሰው ከወገል ጤና ከተማ በታች ያለውን ገደል ቆፍሮ ይህን ድንጋይ ለገበያ ማውጣት የጀመረው ሚሊኒየሙን ባከበርንበት ሰሞን ነው። ባቡሩ አቃቂ ላይ በሚያፏጭበት ዘመን ይቺ ድንጋይ ገደሉ ውስጥ ተኝታ ነበር። አያቴ በዓይኗ አላየቻትም። ማዳሚቱም አላየቻትም።

ድንጋይዋ ተቀይራለች ማለት ነው።

ወደ ቤት በባጃጅ ተመለስን። ሁለታችንም አንድ ነገር እያሰብን ነበር። ያ ቀለበት ከእናቴ እጅ ወጥቶ የሚያውቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እናቴ ቀለበቱን ቤት ትታ ወራቤ ለቅሶ ሄዳ ሳለ፣ ድንጋይዋን የያዙት የወርቅ ጥርሶች ላልተዋል ብሎ አባቴ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ወሰደው። ሲመለስ የበለጠ ያበራ ነበር። «አጽዱልኝ ብዬ ነው» አለን።

ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። ከዚያ ወዲህ አባቴ በድንገት ዓሊም ሆኖ ነበር። «ሐጀራ፣ ለሶላት ውዱእ ስትታጠቢ ቀለበቱን አውልቂ እንጂ። ውሃው በሥሩ ካልገባ ውዱእሽ ይጎድላል» ይላታል። አባቴ እኮ ስለ ሃይማኖት አንድ ነገር ሲጠየቅ «ኡስታዙን ጠይቁ» ከማለት በቀር መልስ የማያውቅ ሰው ነበር። ለካ ጭንቀቱ ለውዱኡ አልነበረም።

«ሸጦት ነው» አለ ነቢል በመጨረሻ።

«አፍህን ዝጋ።»

«ታዲያ ምን ሆነ ልትይ ነው?»

ደግሜ አፍህን ዝጋ አልኩት። አባቴን እንወቀው ከተባለ አቃቂ በሰቃ ውስጥ አደራ ተቀባይ ነበር። ቁልፉን የሚያስቀምጥ፣ ሻንጣውን የሚያስቀምጥ፣ አንዴማ በግ ያስቀመጠ ሰው ነበር፤ በጉ የሱቃችንን መጥረጊያ በልቶ ለባለቤቱ በሰላም ተመልሷል። እንዲህ ያለው ሰው የሚስቱን ድንጋይ ሸጦ በሌላ ቀየረባት ተብሎ በልጁ ኒካሕ ላይ፣ በአማቾች ፊት ሊነገር ነው። እናቴ ደግሞ ያን ቀለበት እያየች ነው ሦስት ዓመት ሐዘኗን የቻለችው። ይህንን ከምትሰማ እኔ የነቢልን ካልሲ ዕድሜ ልኬን ብፈልግ ይሻለኛል።

ስለዚህ ኡስታዙ ዘንድ ሄድኩ።

«ድንጋይ ያለበት የድሮ ቀለበት ብንለው አይበቃም?» አልኩት።

«ምን ድንጋይ?»

«ውድ ድንጋይ።»

«ፊርዶስ፣ አጣርተሻል?»

እኔ ለደንበኛ፣ ለአከራይ፣ ለትራፊክ ፖሊስ ስዋሽ ምላሴ አይያዝም። ለኡስታዝ ግን አይሆንልኝም። «በመጣራት ላይ ነው» ብዬው እንደ ቀበሌ ጸሐፊ ወጣሁ።

ድንጋይዋ እኔ ክፍል መስኮት ላይ ሁለት ቀን ተቀምጣ ቀለሟ ተመለሰ። ለእናቴ ወስጄ ሰጠኋት።

«ምን አሉሽ?»

«ጥሩ ነው አሉ።»

ትንሽ አየችኝ። «ጥሩ ነው» አለችና ጣቷ ላይ አደረገችው።

የኒካሑ ዕለት የናዕማ ወላጆች ቤት ጢም አለ። ኮሪደሩ ላይ የተከመረው ጫማ ጎረቤት በር ድረስ ደርሷል። ወንዶቹ ሳሎን፣ እኛ ሴቶቹ መኝታ ቤት ሆነን በሩ ገርበብ ብሏል። እኔ ሆን ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ኡስታዙ ንግግሩን አድርጎ፣ የናዕማን አባት ከነቢል ጋር ፊት ለፊት አስቀምጦ መህሩ ላይ ደረሰ።

«መህሩ ቀለበት ነው። ምን ዓይነት ቀለበት እንደሆነ ይነገር።»

ነቢል ምንጣፉን ማየት ጀመረ። አንገቴን አስገባሁ።

«የድሮ የወርቅ ቀለበት ነው፣ ዙሪያው አልማዝ፣ መሐሉ ድንጋይ» አልኩ በአንድ ትንፋሽ።

«ድንጋዩ ምንድን ነው?»

የናዕማ አባት ሊያግዙኝ ብለው «ኦፓል ነው አይደል? የአውስትራሊያ ነው ሲባል ሰምቻለሁ» አሉ።

አዎ ልል ነው። በአላህ ፊት፣ በምስክር ፊት፣ በሃምሳ ጥንድ ጫማ ፊት አዎ ልል አፌን ከፍቻለሁ።

«የደላንታ ነው» አለች እናቴ ከኋላዬ።

ዞርኩ። ተነሥታ ቆማለች። በእጇ ገፋ አድርጋኝ በሩ ላይ ቆመች።

«የአማቴ ድንጋይ ተሰብሯል» አለች። «እኔ ለቅሶ ሄጄ ሳለሁ ረሻድ ሊያሳድሰው ወሰደው። ሳትመለስ ይድረስልኝ ብሎ ወርቅ ሠሪውን አጣደፈው። ድንጋዩ ሳይወጣ ሲበየድ እሳቱ አገኘውና ፈነዳ። ረሻድም የደላንታውን ገዝቶ አስገባበት።»

«ይህን አባባ ነው የነገረሽ?» አለ ነቢል።

«አባትህማ አልነገረኝም። ኮቱን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ ስብርባሪውን በወረቀት ተጠቅልሎ አገኘሁት። ወርቅ ሠሪውን ሄጄ ጠየቅኩት፤ እንደመጣሁ ለረሻድ እንዳይነግረውም አስማልኩት። ስብርባሪውን መልሼ ኪሱ ከተትኩ። ኮቱንም ሳላጥበው ሰቀልኩት፤ ከርሞ እስኪሸት ድረስ።»

ሳሎኑ ሳቀ። እኔ ግን የበሩን መቃን ያዝኩ። አልሸጠም። አባቴ አልሸጠም! እልል ብል ደስ ባለኝ ነበር፤ ቦታው አልፈቀደም እንጂ።

«አዲሱ ድንጋይ በመጀመሪያው ውዱእ ነው መስታወት የሆነብኝ» አለች እናቴ። «ልናገር ስል በማግስቱ ፈትዋውን ይዞ መጣ። አውልቂ፣ ውሃ በሥሩ አይገባም ይለኛል። ረሻድ! ለእኔ ፈትዋ!»

አሁንማ ኡስታዙም ሳቀ፤ አባቴን ያውቀዋል።

«እኔም ማውለቅ ጀመርኩ። አላወቅኩም ብሎ እንዲኖር።»

«ማሻአላህ!» አሉ የናዕማ አባት። «ይህ ነው ገመና ከታችነት። ልጆች፣ ትሰማላችሁ? ትዳር እንዲህ ነው።» ከዚህም ከዚያም ማሻአላህ፣ ማሻአላህ ተባለ። መኝታ ቤት ያሉት ሴቶችም ከንፈር መጠጡ።

«አታመስግኑኝ» አለች እናቴ።

ድምጿ ተለውጦ ነበር።

«ረሻድ ሊሞት ሲል አፉ በሉኝ ብሎ ያልጠየቀው ሰው የለም። ይቅር ያስባለውን ሁሉ ታውቃላችሁ፤ በሱቁ ሸራ ጉዳይ የተጣላውን ጎረቤት ሳይቀር አስጠርቷል። ሁሉም አፉ ብያለሁ አሉት። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ። ሐጀራ፣ አፉ በይኝ አለኝ። እኔ ምን አልኩት? 'አንተ ደግሞ ምን በድለኸኝ ታውቃለህ? ምንም የለብህም' አልኩት። ደግ መሆኔ ነበር። እጄን ያዘና ቀለበቱን ነካው። 'አፉ በይኝ' አለኝ ደግሞ። 'ተው እንጂ ረሻድ፣ አንተ ንጹሕ ነህ' አልኩት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም።»

ወደ ሳሎኑ አንድ እርምጃ ገባች።

«ገባችሁ? ይቅርታ ነው የለመነኝ፤ እኔ ምስጋና ሰጠሁት። አውቄዋለሁ፣ ትቼልሃለሁ ብለው ኖሮ አርፎ ይሄድ ነበር። ጥፋት የለብህም የተባለ ሰው በምን ይቅር ይባላል? ያን ሁሉ ዓመት እራት ላይ እጄን ሰርቆ ሲያየው አየው ነበር። ፈርቶኝ ኖሮ ፈርቶኝ ሞተ። ለአንድ ድንጋይ!»

እናቴ ስታለቅስ አላየሁም፤ አባቴ የሞተ ዕለት እንኳ እንግዳ ስታስተናግድ ነበር የዋለችው። ያን ጊዜም አላለቀሰችም። ብቻ ቀለበቱን ጣቷ ላይ ታዞረዋለች፣ ታዞረዋለች።

ኡስታዙ ጉሮሮውን ጠረገ። «እናቴ ሐጀራ፣ እርስዎ አሁንም አፉ ማለት ይችላሉ» አላት። «አፉታ ጊዜው አለፈ አይባልም። መብቱ የእርስዎ ነው።»

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። ሰው ሊያነጋግር እንደሚሄድ ሰው ቀጥ ብላ ቆመች።

«ባሌን ረሻድን አፉ ብዬዋለሁ» አለች። «የማላውቅ መስሎት የኖረውን ሁሉ እያወቅኩ አፉ ብዬዋለሁ። እሱም እኔን አፉ ይበለኝ።»

«አሚን» አለ ሳሎኑ።

ከዚያ ኡስታዙ ጮክ ብሎ መህሩን ተናገረ፦ የድሮ የወርቅ ቀለበት፣ ዙሪያው የድሮ አልማዝ፣ መሐሉ ረሻድ ያስገባው የደላንታ ኦፓል። እንዳይነሣ ስሮጥለት የከረምኩት የአባቴ ስም በምስክሮች ፊት ተነሣ፤ አላፈርኩበትም፤ ኮራሁበት። ናዕማም ተጠየቀች። «አሁን አወቅኩት፤ ወድጄ ተቀብያለሁ» አለች። ቀጥላም በበሩ ክፍተት ወደ ነቢል «አንተ ደግሞ የሰበርከውን ሁሉ ንገረኝ» አለችው።

«ሁሉንም? ዛሬውኑ?» አለ ወንድሜ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኒካሑ ታሰረ፣ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፣ ሰሐን መንኳኳት ጀመረ።

እናቴ ቀለበቱን ናዕማ ጣት ላይ አድርጋላት ወደ ኩሽናው በረንዳ ወጣች። ተከተልኳት። ታች ሜዳው ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ባዶ ጣቷን በሌላው እጇ ይዛ ቆማለች።

«ፊርዶስ» አለችኝ። «ሰማኝ ይሆን?»

ሰምቶሻል እማ፣ እንዴት አይሰማም፣ በደንብ ሰምቶሻል። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ምን ችግር አለው? ደግ ቃል ነው። ግን ቀና ብላ እያየችኝ ነበር፤ እኔም ያ ዓይነት ደግነት ምን እንዳደረጋት አሁን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«አላውቅም እማ» አልኳት።

«እኔም አላውቅም» አለች። ከዚያ ግንባሯን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ሦስት ዓመት ያቆየችውን ልቅሶ አለቀሰች። ነቢል ምግብ ቀርቧል ብሎ እስኪጠራን ድረስ አቅፌያት ቆየሁ።